የአዛታዮፕሪን ክትትል በደብረ ብርሃን፦ የአንድ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ግምገማ

ይህ ግምገማ በደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ፣ የአንጀት ብግነት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ክትትል የሚያደርጉበትን የተመላላሽ ሕክምና ክፍል የሚመለከት ነው። ታናሽ እኅቴ አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ያለባት ስትሆን፣ የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚገታውን አዛታዮፕሪን የተባለ መድኃኒት የምትወስደው በዚሁ ክፍል ክትትል ሥር ነው። ቀጠሮዋ በደረሰ ቁጥር አብሬያት ስለምሄድ አገልግሎቱን ከካርድ ክፍሉ እስከ መድኃኒት ቤቱ ድረስ በቅርብ ለማየት ችያለሁ። ከምስጋናው ጋር ጠንከር ያለ ቅሬታም ስለማነሣ የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም፤ ሆኖም በሰሜን ሸዋ ይህ ሕመም ያለበት ወይም ዘመድ የሚያስታምም ሰው ከእንዲህ ያለ ክፍል ምን መጠበቅ፣ ምንስ ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ማወቁ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። አዛታዮፕሪን ጥቅሙም ጉዳቱም የሚወሰነው ክኒኑን ተከትሎ በሚደረገው ክትትል፣ ማለትም በክብደት ልኬት፣ በደም ቆጠራና በጥያቄ ነው። የዚህ ክፍል ሐኪሞችና ነርሶች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፣ ይሠሩበታልም። በዚህ በኩል ያለ ማመንታት አመሰግናቸዋለሁ። የሚጎድለው ከሐኪሙ ክፍል በር ወዲያ ያለው ነው፤ ላቦራቶሪው፣ የመድኃኒት አቅርቦቱና የቀጠሮ አሰጣጡ የእነርሱን ጥንቃቄ አይመጥኑም።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ስለ ሕመሙ ጥቂት ማለት ይገባል። የአንጀት ብግነት በዋናነት ሁለት ሕመሞችን ያጠቃልላል። አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ከፊንጢጣ ተነሥቶ ትልቁን አንጀት ወደ ላይ እየተከተለ የውስጠኛውን ሽፋን ያቆስላል፤ ክሮንስ ደግሞ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ በየትኛውም ቦታ ሊነሣ፣ የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ ሊያጠብብና ሊበሳ ይችላል። ሁለቱም የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በገዛ አንጀቱ ላይ ያለ ልክ ሲቆጣ የሚመጡ፣ ፋታ እየሰጡ የሚመለሱ የዕድሜ ልክ ሕመሞች ናቸው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በአገራችን ብዙ ጊዜ አሜባ ተብሎ ስለሚታከም፣ ወደዚህ ክፍል የሚደርሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ክኒን ውጦ፣ ክብደቱ ቀንሶና ደሙ አንሶ ነው።

ክፍሉን በዓይኔ ያስከበረው የመጀመሪያው ነገር መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው ማጣራት ነው። የመከላከል አቅምን የሚገታ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የቆየ ተሕዋስን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ማንም አዲስ ታካሚ የደረት ራጅ፣ የኤች አይ ቪና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ፣ የሰገራም ምርመራ ሳይደረግለት አዛታዮፕሪን አይታዘዝለትም። በተለይ ለቲቢ የሚያደርጉት ጥንቃቄ ሊነገር የሚገባው ነው። ቲቢ አንጀትን ሲይዝ አብዝቶ የሚያጠቃው የትንሹ አንጀት መጨረሻና የትልቁ አንጀት መነሻ የሚገናኙበትን ስፍራ ነው፤ ክሮንስም የሚወደው ያንኑ ስፍራ ነው። ሁለቱም ሆድ ያቆርጣሉ፣ ያከሳሉ፣ ያተኩሳሉ፤ አንጀትን ከውስጥ በካሜራ በሚያሳየው በኮሎኖስኮፒ ሲታዩም ቁስላቸው ይመሳሰላል፤ የተወሰደው ናሙናም ሁልጊዜ ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም። በክሮንስ ስም ለቲቢ ሕመምተኛ አዛታዮፕሪንና፣ ብግነትን የሚያበርደውን ግን እርሱም የመከላከል አቅምን የሚገታውን ፕሬድኒሶሎን መስጠት ሕመሙን ማባባስ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬ ባለበት ጊዜ ሐኪሞቹ አስቀድመው የቲቢ መድኃኒት እንደሚያስጀምሩና ለውጡን እንደሚመለከቱ፣ ለውጥ ካልታየ ብቻ ወደ ክሮንስ ሕክምና እንደሚሄዱ ከመንዝ ለመጣ አንድ ወጣትና ለአባቱ ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። አባትየው ልጃቸው ሁለት ዓይነት ሕመም እንደተነገረው ቆጥረው ተጨንቀው ነበርና፣ ሐኪሙ በወረቀት ላይ አንጀቱን ሥለው እስኪረዱት ድረስ አስረዷቸው። ወረፋው ረጅም በሆነበት ጠዋት ይህን ያህል ትዕግሥት ማሳየት ቀላል ነገር አይደለም።

የሰገራው ምርመራም እንዲሁ ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም። በባዶ እግር በኩል ቆዳ በስቶ የሚገባ ስትሮንጊሎይደስ የተባለ ትል አለ፤ በአንጀት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል። ይህ ትል ያለበት ሰው ፕሬድኒሶሎን ሲጀምር ትሉ በሰውነቱ ሁሉ ተሰራጭቶ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ ከሸዋ ሮቢትና ከአካባቢው ቆላ የሚመጣ ታካሚ የትሉ መኖር ከተጠረጠረ አስቀድሞ አይቨርሜክቲን ይሰጠዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፕሬድኒሶሎን ነው። ሕመሙ ሲነሣ እሳቱን የሚያበርደው ይህ መድኃኒት ነው፤ የተለመደው አሰጣጥ በቀን 40 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ሕመሙ ጋብ ሲል በየሳምንቱ 5 ሚሊ ግራም እየተቀነሰ እንዲቆም ነው። ነገር ግን ፕሬድኒሶሎን ሕመሙ ተመልሶ እንዳይነሣ የመጠበቅ ችሎታ የለውም፤ ሲራዘም ደግሞ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ዓይን ላይ ሞራ ያመጣል። እኅቴ ፊቷ ሲሞላ ጎረቤቶቻችን «እልል፣ ወዟ ተመለሰ» ብለው ተደስተው ነበር፤ ያ መሙላት ግን የመድኃኒቱ ጉዳት ምልክት ነበር። ይህ ክፍል የሚመሰገንበት አንዱ ነገር በካርዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ታካሚው ፕሬድኒሶሎን የጀመረባቸውን ቀኖች ለብቻ መመዝገቡ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ያስፈለገው፣ ወይም መጠኑ ሲቀነስ ሕመሙ የሚነሣበት ሰው ሌላ መድኃኒት ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ በካርድ ላይ ተበታትኖ ከሚገኝ ጽሑፍ ማውጣት አይቻልም። በሌላ ቦታ ፕሬድኒሶሎን በየወሩ እየታደሰላቸው ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች እዚሁ ወረፋ ላይ አግኝቻቸዋለሁ። ፕሬድኒሶሎንን በድንገት ማቆም አደገኛ መሆኑንም ሲስተሮቹ ደጋግመው ይናገራሉ፤ የሰውነታችን ዕጢ የራሱን ሆርሞን መሥራት ስለሚያቆም፣ እንደገና እስኪጀምር ጊዜ ያስፈልገዋልና።

አሁን ወደ አዛታዮፕሪን ልምጣ። መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። ያገኙት ገርትሩድ ኤልየንና ጆርጅ ሂችንግስ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሥራቸው ነው፤ በ1960ዎቹም የተተከለ ኩላሊት በተቀባዩ ሰውነት እንዳይገፋ ለመከላከል አገልግሏል። በሰውነት ውስጥ ወደ መርካፕቶፒዩሪን ተለውጦ፣ በፍጥነት የሚባዙትን የነጭ የደም ሴሎች መራባት ይገታል። ሥራው ዝግ ያለ ነው፤ ውጤቱ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው። ፕሬድኒሶሎኑ እየተቀነሰ እርሱ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ለታካሚውም ለአስታማሚውም ከባድ ነው። በዚህ ጊዜ «አልሠራልኝም» ብለው የሚያቆሙ ብዙዎች ናቸው፤ ይህንንም ሐኪሞቹ አስቀድመው ይናገራሉ።

የመድኃኒቱ መጠን በሰውነት ክብደት ይሰላል፤ ለአንድ ኪሎ ግራም ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም ነው። 48 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ከ96 እስከ 120 ሚሊ ግራም ይደርሳል፤ ስለዚህ ባለ 50 ሚሊ ግራሙን ክኒን 2 ፍሬ መውሰድ ይበቃታል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግን ከ140 እስከ 175 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 3 ፍሬ ያስፈልገዋል። ለሁሉም ሰው አንድ ወይም 2 ፍሬ እየጻፉ ማለፍ ብዙ ቦታ የሚታይ ነገር ነው፤ ሰውየው የመድኃኒቱን ጉዳት ሁሉ እየተሸከመ ጥቅሙን ሳያገኝ ይቀራል፤ ከዚያም «መድኃኒቱ አልያዘውም» ይባላል። በዚህ ክፍል ግን በሩ አጠገብ ያለው ሚዛን የሥራው መጀመሪያ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ታካሚዎቹ ምን ያህል ደራርበው እንደሚመጡ ይገባዋል፤ ሲስተሯም ካፖርትና ጋቢ ሳታስወልቅ አትመዝንም። አንድ ቀን ጋቢያቸውን አጥብቀው የያዙ አረጋዊ ገበሬ ሚዛኑ ላይ ሲወጡ፣ «አባባ፣ ጋቢውን ልያዝልዎት፤ መድኃኒቱ የሚታዘዘው ለእርስዎ ነው» አለቻቸው። «ብርዱ እኮ አጥንት ይሰብራል፣ ልጄ» እያሉ አውልቀው ሰጧት። ቁጥሩን ከባለፈው ቀጠሮ ቁጥር ሥር ጻፈችና ሁለቱን እያስተያየች «ክብደት ጨምረዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለቻቸው። ሐኪሙም በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርተው ክኒኑን በግማሽ ፍሬ ከፍ አደረጉላቸው።

ከክብደቱ ቀጥሎ የሚመጣው የደም ቆጠራ ነው፤ የክፍሉ ትልቁ ሥራም ይህ ነው። አዛታዮፕሪን ደም የሚሠራውን የአጥንት መቅኔ ሊያደክም ስለሚችል ነጭ የደም ሴል፣ ቀይ የደም ሴልና ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕሌትሌት ሊወርዱ ይችላሉ። መድኃኒቱን የሚያፈራርሰው ቲ ፒ ኤም ቲ የተባለ ኤንዛይም በሰዎች ሁሉ ውስጥ እኩል አይደለም፤ በአውሮፓውያን ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከ300 ሰዎች አንዱ ገደማ ኤንዛይሙ ጨርሶ የለውም ለማለት ይቻላል፣ ከ10 ሰዎች አንዱ ገደማ ደግሞ ዝቅተኛ መጠን ነው ያለው። በአፍሪካውያንም ዘንድ ኤንዛይሙን የሚያዳክም የዘር ለውጥ አለ። ኤንዛይሙ የሌለው ሰው የተለመደውን መጠን ከወሰደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቅኔው ሊነጥፍ ይችላል። በበለጸጉ አገሮች ይህን አስቀድሞ በደም ምርመራ ይለያሉ። እዚህ ክፍል ምርመራው አይሠራም። ስለዚህ ሐኪሞቹ በቀን 50 ሚሊ ግራም አስጀምረው፣ በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ በቀጣዮቹ ሁለት ወራት በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ በኋላ በየ3 ወሩ ደም እያስቆጠሩ መጠኑን ወደ ተሰላው ደረጃ ያደርሳሉ። ምርመራው ቢኖርም እንኳ የደም ቆጠራው አይቀርም፤ የመቅኔ መድከም ኤንዛይማቸው ሙሉ በሆነ ሰዎችም ላይ ሊደርስ ይችላልና።

ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚሰጡት ደብተር እጅግ ጠቃሚ ነው። በአንድ ዓምድ ቀኑ፣ በሁለተኛው ክብደቱ፣ ከዚያ የክኒኑ መጠን፣ ነጭ የደም ሴል፣ የጉበት ውጤት ይመዘገባል። የእኅቴ ነጭ የደም ሴል ከ6,000 በላይ የነበረው መጠኑ ከፍ ካለ በኋላ ወደ 4,200 ሲወርድ ላቦራቶሪው «ኖርማል» ብሎ ነበር የሰጠን፤ ሐኪሙ ግን የቁልቁለቱን አካሄድ በደብተሩ ላይ አይተው ቀጠሮውን አቀረቡት። አንድ ውጤት ለብቻው ካየው ሰው የሚሰወረውን ነገር በተርታ የተጻፈ ቁጥር ያሳያል። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የአፍ ቁስል ወይም ያለ ምክንያት የሚደማ ድድ ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዕለቱ ደም ማስቆጠር እንደሚገባም በደብተሩ ሽፋን ላይ በአማርኛ ተጽፏል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከላይኛው ሆድ ተነሥቶ ወደ ጀርባ የሚወጋ ሕመም ደግሞ የቆሽት ብግነት ሊሆን ስለሚችል፣ መድኃኒቱን አቁሞ ፈጥኖ መምጣት ያስፈልጋል፤ ይህ የደረሰበት ሰው አዛታዮፕሪን ዳግመኛ አይሰጠውም።

አንድ ነገር በተለይ አስደንቆኛል። በውጭ አገር መድኃኒቱ በደም ውስጥ የደረሰበትን መጠን በቀጥታ የሚለካ ምርመራ አለ፤ መጠኑ አነሰ ወይስ ታካሚው ክኒኑን አልዋጠም የሚለውን ጥያቄ በእርሱ ይመልሱታል። እዚህ ያ የለም። ነገር ግን አዛታዮፕሪን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ቀይ የደም ሴሎቹ ቀስ በቀስ መጠናቸው ይተልቃል፤ ይህ ኤም ሲ ቪ የተባለው ልኬት በዚያው በተለመደው የደም ቆጠራ ወረቀት ላይ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ታትሞ ይወጣል። ሐኪሙ ይህን ቁጥር ከመነሻው ጋር እያስተያዩ ይከታተሉታል። ለወራት መድኃኒቱን እየወሰደ ቁጥሩ ፈቅ ያላለለት ሰው ሲያጋጥማቸው መጠኑን ከመጨመራቸው በፊት፣ ሳይቆጡ፣ «ክኒኑን ስንት ቀን ዘለሉት?» ብለው ይጠይቃሉ። የፎሌትና የቢ 12 ቫይታሚኖች እጥረትም ቀይ ሴልን እንደሚያተልቅ ያውቃሉና በዚህ ብቻ አይፈርዱም። በእጅ ያለውን አንድ ወረቀት እስከ መጨረሻው አንብቦ መጠቀም የጥሩ ሐኪም ምልክት ነው፤ ውድ መሣሪያ በሌለበት አገር ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ችሎታ የለም።

ስለ ሌሎች መድኃኒቶች የሚደረገው ጥያቄም ጥብቅ ነው። በተለይ ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል አዛታዮፕሪን የሚወገድበትን አንዱን መንገድ ይዘጋል፤ ሁለቱ በሙሉ መጠን አንድ ላይ ከተወሰዱ ነጭ የደም ሴል በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። አብረው መሰጠት ካለባቸው አዛታዮፕሪኑ ወደ ሩብ ወይም ወደ ሲሶ ዝቅ ይደረጋል፣ ደሙም ቶሎ ቶሎ ይቆጠራል። አሎፑሪኖልን ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ገዝቶ የሚወስድ ሰው በአካባቢያችን ስላለ፣ ሲስተሯ «ለቁርጥማት የሚወስዱት ነገር አለ?» ብላ በስሙ ትጠይቃለች። ስለ ባሕል መድኃኒትም እንደዚሁ ሳታሳፍር ትጠይቃለች። ጠበል የሚጠመቁ ታካሚዎችን ማንም አይከለክላቸውም፤ ወደ ጻድቃኔ ማርያም ለሱባዔ የምትሄድ አንዲት እናት ክኒናቸውን ይዘው እንዲሄዱ፣ ቀኑም ከደም ቆጠራው ጋር እንዳይጋጭ ቀጠሮው ሲስተካከልላቸው አይቻለሁ። በሑዳዴም አዛታዮፕሪን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ በመሆኑ፣ ማታ ከምግብ ጋር ቢወስዱት ማቅለሽለሹም ይቀንሳል፣ ጾሙም አይፈርስም።

አዛታዮፕሪን ለማይስማማቸው የክሮንስ ሕመምተኞች ሜቶትሬክሴት ይሰጣል። የሚሰጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በተለመደው አሰጣጥ በመርፌ 25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ከ4 ወር ገደማ በኋላ ወደ 15 ሚሊ ግራም ይወርዳል፣ ፎሊክ አሲድም ይጨመርበታል። በስሕተት በየቀኑ የተወሰደ ሜቶትሬክሴት ይገድላል። ክኒን የሚወስዱትን ከገጠር የመጡ ሰዎች ሲስተሯ «የአገራችሁ ገበያ መቼ ነው የሚቆመው?» ብላ ትጠይቅና፣ የገበያውን ቀን በደብተሩ ላይ በትልቁ ጽፋ ከዚያ ቀን በቀር እንዳይነኩት ታስጠነቅቃለች። ሜቶትሬክሴት ፅንስን ስለሚጎዳ ለማርገዝ ለምታስብ ሴት አይሰጥም። በአንጻሩ አዛታዮፕሪን የምትወስድ ሴት ስታረግዝ ደንግጣ በራሷ ማቆም የለባትም፤ ሕመሙ በእርግዝና ጊዜ መነሣቱ ለእናትም ለፅንስም ከመድኃኒቱ የከፋ ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሐኪም ክትትል ይቀጥላል። እኅቴ ባለፈው ዓመት ስላገባች ይህን ጥያቄ ባለቤቷ ባለበት በግልጽ ተነጋግረውበታል። ለአልሰረቲቭ ኮላይቲስ የሚሰጠውን ሰልፋሳላዚን የሚወስዱ ወንዶች ልጅ ለመውለድ ሲቸገሩ ምክንያቱ መድኃኒቱ ሊሆን እንደሚችል፣ ሲያቆሙትም እንደሚስተካከል ቢነገራቸው ግን መልካም ነበር፤ ይህን ሲናገሩ አልሰማሁም።

ኢንፍሊክሲማብ የተባለው መርፌ እዚህ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ለክሮንስ የተፈቀደ ሲሆን፣ ለአንድ ኪሎ ግራም 5 ሚሊ ግራም እየተሰላ በደም ሥር ይሰጣል። ከአዛታዮፕሪን ጋር ሲጣመር በክሮንስ ላይ ከእያንዳንዳቸው ለብቻ የተሻለ ውጤት እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ትልቅ ጥናት አሳይቷል፤ ተደብቆ ያለ ቲቢን የመቀስቀስ ኃይሉ ግን ከሌሎቹ የበረታ ነው። የሚያስፈልገው ሰው ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ይጻፍለታል። 130 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ሳይሆን ዋጋው ነው ሰውን የሚያስቀረው። ለዚህም ነው ያለውን ርካሽ መድኃኒት በልኩ መስጠት ይህን ያህል ዋጋ የሚኖረው።

ወደ ጉድለቶቹ ስመጣ ቀዳሚው የመድኃኒት አቅርቦት ነው። በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት አዛታዮፕሪን የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ «ከውጭ ግዙ» ይባላል፣ የጤና መድን ያለውም ሰው ከኪሱ ያወጣል። ባለፈው ክረምት ከአንድ የግል መድኃኒት ቤት የገዛነው ባለ 25 ሚሊ ግራም ነበር፤ ሻጩ ግን ልዩነቱን ሳይነግረን እንደ ድሮው «በቀን 2 ፍሬ» ብሎ ጻፈበት። እኅቴ በዚህ ምክንያት ለሳምንታት የሚገባትን መጠን ግማሽ ብቻ ወስዳ ተቅማጡ ተመለሰባት። ነገሩ የታወቀው በቀጠሮዋ ቀን ሲስተሯ እንደ ልማዷ «ማሸጊያውን አሳዪኝ» ስላለቻት ነው። ማዘዣው ላይ የክኒኑ ፍሬ ብቻ ሳይሆን ጠቅላላ ሚሊ ግራሙም ቢጻፍ፣ ሻጩም መጠን የተለየ ክኒን ሲሰጥ የመናገር ግዴታውን ቢወጣ ይህ ባልደረሰ ነበር። ሆስፒታሉም ለክትትል ታካሚዎቹ የሚያስፈልገውን ክኒን አስቀድሞ ማስላት ይችላል፤ የታካሚው ቁጥርና የእያንዳንዱ መጠን በደብተሩ ላይ ተጽፎ የሚገኝ ነውና።

ሁለተኛው ላቦራቶሪው ነው። «ሪኤጀንት አልቋል» የሚለው፣ ማለትም የመመርመሪያው ኬሚካል ማለቁን የሚናገረው ወረቀት በመስኮቱ ላይ የተለጠፈበት ቀን መድኃኒቱን በጀመረ ሰው የመጀመሪያ ወር ላይ ከወደቀ፣ ጉዳዩ የመመላለስ ብቻ አይደለም፤ የአደጋ ጊዜውን በጨለማ ማሳለፍ ነው። ብር ያለው በግል ላቦራቶሪ ያሠራል። የሌለው ግን ክኒኑን እየዋጠ ያለ ቆጠራ ይከርማል። ቢያንስ አዲስ ጀማሪዎች ቅድሚያ እንዲያገኙ ጥቂት ሪኤጀንት ለብቻ ማስቀመጥ ከአቅም በላይ አይመስለኝም።

የቀጠሮው አሰጣጥ ደግሞ ከገጠር የሚመጣውን ይጎዳል። ሁሉም ሰው ለጠዋቱ 2 ሰዓት ይቀጠራል፤ ደም ሰጥቶ ውጤቱን ይዞ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ከሰዓት በኋላ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የመሐል ሜዳና የዓለም ከተማ መኪና አምልጦታል፣ ለአልጋና ለራት ያወጣል። የሦስት ወሩን የደም ቆጠራ እዚያው በአቅራቢያው ባለ ሆስፒታል አሠርቶ ውጤቱን በስልክ ማስነበብ፣ ወደ ደብረ ብርሃን መምጣትን ለውጥ ላለበት ሰው ብቻ ማድረግ ይቻላል። ይህን ሐሳብ ለክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ በደግነት ተቀብለውኛል፣ እስካሁን ግን የተጀመረ ነገር የለም።

ወደ ክፍሉ ለመሄድ የሚያስብ ሰው የቀድሞ ኮሎኖስኮፒና የናሙና ውጤቱን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይዞ ይሂድ፤ ስለ ክትባቶቹም ይጠይቅ፣ እንደ ቢጫ ወባ ያሉ ሕያው ክትባቶች መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ አይሰጡምና። አዛታዮፕሪን ቆዳን ለፀሐይ ጉዳት ስለሚያጋልጥ፣ በደጋው ብርድ ተታልሎ ያለ ባርኔጣ መዋሉንም ይተው። አንድ ነገር ግን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ክፍል የቀጠሮ ክፍል ነው። በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያለበት ሰው፣ በተለይም ትኩሳት ከያዘው፣ ልቡ በፍጥነት ከመታ ወይም ሆዱ ከተነፋ፣ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቅ በማንኛውም ሰዓት በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድና ደብተሩን ለተረኛው ሐኪም ማሳየት አለበት።